«ለዚህ ሥራ ብቻ» ወይስ «የሚያስፈልገው ላይ አውሉት»?

ለጋሽ ለበጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘቡን ለአንድ ሥራ ብቻ ለይቶ ሊሰጥ ይችላል። ውሳኔውን ለድርጅቱ ትቶም ሊሰጥ ይችላል። የትኛውን መጠየቅ ይሻላል?

የመጀመሪያው ለመሰብሰብ ይቀላል። ሰው ብሩ የት እንደሚገባ ሲያውቅ እጁ ይፈታል። ጣጣው በኋላ ነው። ለየብቻ ሒሳብ፣ ለየብቻ ሪፖርት ይጠይቃል፤ ለሒሳብ ሠራተኛው ደመወዝ ብሎ የሚሰጥ ግን ብዙም የለም። ገንዘቡ ከሥራው ሊበልጥም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2004 ከደረሰው የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ በኋላ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድንን የገጠመው ይኸው ነው። በቂ እንደደረሰው በይፋ ተናግሮ ለሱናሚው መቀበል አቆመ። የሰጡትንም ትርፉን ለሌላ ቀውስ ለማዋል ፈቃድ ጠየቃቸው። አብዛኞቹ ተስማሙ። (ስንቱ ዝም ብሎ ይቀበል ነበር!)

ሁለተኛው ኪራዩንም፣ ደመወዙንም፣ ድንገተኛውንም ይሸፍናል። ግን የሚሰጠው የሚያምን ሰው ነው።

እኔ ብሆን አዲስ ለጋሽን በአንድ ግልጽ ሥራ እጀምራለሁ። ቅጹ ላይ «ከተረፈ ለተመሳሳይ ሥራ ይውላል» የሚል መስመር አስገባለሁ። ሥራው ሲያልቅ የወጪ ዝርዝር ያለው አጭር ሪፖርት እልካለሁ፤ የዘገየውንም ሳልደብቅ። ለአንድ ሥራ ያልታሰረውን ልገሳ የምጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም ከምስጋናው ደብዳቤ ለይቼ።