ስታምፖት ለመብላት፦ ዳምራክ ወይስ የሰፈር ኤትካፌ?

ከአገር ቤትም ሆነ ከአሜሪካ አምስተርዳም የሚመጣ ዘመድ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። "የሆላንዶቹን የራሳቸውን ምግብ የት እንብላ?" በስልክ ደጋግሜ መመለስ ሰልችቶኝ ነው ይህን የምጽፈው። መልሴን ከወዲሁ ልናገር፦ ከማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ ስትወጡ ዳምራክ ላይ የተደረደሩትን ምግብ ቤቶች በሩቁ እለፏቸው። ትራም ያዙና ሰፈር ውስጥ ካለ ኤትካፌ ግቡ፤ ቢራ ቤትም ምግብ ቤትም የሆነ ቤት ማለት ነው።

ስታምፖትን ለማያውቅ፦ ድንች ከጎመን ወይም ከካሮት ጋር ተቀቅሎ አብሮ ይጨፈለቃል። መሃሉን ጎድጎድ አድርገው የሥጋ መረቅ ያፈሱበታል። ገንፎ በሉት፤ በቅቤው ፈንታ መረቅ የገባበት።

ትምህርቱን በገንዘቤ ነው የገዛሁት። የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ እኔ ዘንድ ሦስት ቀን አረፈች። ገና ካለፈ ሳምንት አልሞላውም። ፆም ተፈቷል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ዳምራክ ላይ፣ ዳም አደባባይ አጠገብ አንድ ሰውዬ በር ላይ ቆሞ "ግቡ፣ ግቡ" አለን። ገባን። ስንት ዓመት እዚህ ኖሬ፣ በር ላይ ጠሪ ያቆመ ቤት መግባቴ እስካሁን ያናድደኛል።

ሂሳቡ ይኸው። ስታምፖት 24.50 ዩሮ፣ ለሁለት 49። ስድስት ፍሬ ቢተርባለን፣ በዘይት የተጠበሰ የሥጋ ድብልብል፣ 11.50። "ውሃ" ብንል በጠርሙስ መጣ፣ 7.50። ድምር 68 ዩሮ። ለድንች!

ድንች ሆኖ ቢገኝ እኮ ደግ ነበር። ዳሩ ይፋጃል፣ መሃሉ በረዶ ነው፤ ከማይክሮዌቭ እንደወጣ ያስታውቃል። ደግሞ አንድም ጓል የለውም። በእጅ የተጨፈለቀ ድንች እዚህም እዚያም ጓል ይተርፈዋል። ይሄኛው ከፓኬት ዱቄት የተበጠበጠ ነው፤ ቤቴ ስንቴ ሠርቼው አውቀዋለሁ። "አንቺ፣ የሕፃን ምግብ ነው እንዴ ያዘዝሽልኝ?" አለችኝ።

ቋሊማው ደግሞ አለ። ሜኑው ላይ "ቋሊማ" ብቻ ነው የሚለው። አንዴ በቢላ ከቆረጠችው በኋላ አስተናጋጁን ጠየቅነው፤ አሳማ ነው። ወደ ሳህኑ ዳር ገፋችውና መረቁንም ተወችው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሮክዎርስት የሚባለው የጭስ ቋሊማ፣ የከብት ነው ካልተባለ በቀር፣ ብዙውን ጊዜ አሳማ ነው። ጎመኑም ውስጥ የአሳማ ጮማ ቆራርጠው የሚጨምሩ አሉ። የአተር ክክ ሾርባቸው፣ ስነርት፣ ሽታው የእናት ቤት ያስመስላል፤ ግን እሱም በአሳማ ነው የሚሠራው። ክርስቲያንም ሁኑ ሙስሊም፣ ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ።

በማግስቱ ማታ ደ ፓይፕ ሰፈር ወሰድኳት። አልበርት ካውፕ ገበያ ያለበት ሰፈር ነው። አንድ ኤትካፌ ገባን። ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ "ዳኽስኾተል" ተብሎ ተጽፏል፤ የዕለቱ ምግብ ማለት ነው። የዚያን ቀኑ ሁትስፖት ነበር፦ ድንች፣ ካሮትና ሽንኩርት፣ ከላዩ ክላፕስቱክ የሚሉት ቀስ ብሎ የበሰለ የበሬ ሥጋ። 16.50 ዩሮ።

ለእኛ የተፈጠረ ምግብ ነው። ሥጋውም ለኛ ሲባል የተቀየረ አይደለም፣ ድሮም በበሬ ሥጋ ነው የሚበላው። ታሪኩን የላይደን ከተማ ሰዎች ይነግሯችኋል። የስፔን ጦር ከተማዋን ከቦ ሕዝቡን በረሃብ ጨርሶት ነበር። በ1574 በእነሱ አቆጣጠር ኦክቶበር 3 ከበባው ሲፈርስ፣ ስፔኖቹ ጥለውት በሄዱት የጦር ሰፈር አንድ ድስት ወጥ ተገኘ ይባላል። ላይደን ዛሬም በየዓመቱ በዚያ ቀን ሁትስፖት ትበላለች። ድንቹ ግን በኋላ የገባ ነው።

ወደ ሂሳቡ ልመለስ። ሁለት ሁትስፖት 33 ዩሮ። ስድስት ቢተርባለን 7.50። ውሃውን "ክራንዋተር" ብለን የቧንቧ አዘዝን፣ በነፃ። ይህን ቃል በቃላችሁ ያዙት፤ "ውሃ" ብቻ ካላችሁ ጠርሙስ ነው የሚመጣው። አንዳንድ ቤት ለቧንቧውም ያስከፍላል። ድምር 40.50። ከትናንቱ በ27.50 ዩሮ ያንሳል፣ ድንቹም ጓል ነበረው። የአክስቴ ልጅ መረቅ አስጨመረች።

ኤትካፌው እንከን የለውም አልልም። ሰሌዳው በደች ብቻ ነው። ወጥ ቤቱ ብዙ ጊዜ በእኛ ሰዓት ምሽት 3 ገደማ ይዘጋል፤ ሆላንዶች እራት የሚበሉት 12 ሰዓት ላይ ነውና "አረፍ ብለን እንወጣለን" የሚል ዘመድ ጾሙን ያድራል። የአሜሪካ ክሬዲት ካርድ የማይቀበል ትንሽ ቤትም ያጋጥማል፣ ጥሬ ገንዘብ አንፈልግም የሚልም አለ። ስትገቡ ጠይቁ። የካርድ ማሽኑ "በዶላር ወይስ በዩሮ?" ካላችሁ ዩሮን ንኩ። በዶላር ካላችሁ ምንዛሪውን እነሱ ናቸው የሚተምኑት።

ከመሃል ከተማ ብዙም አልርቅም ለሚል ሮዘንኽራኽት ጎዳና ላይ ሙደርስ የሚባል ምግብ ቤት አለ። "እናቶች" ማለት ነው። ግድግዳው ሁሉ በእናቶች ፎቶ ተሞልቷል፣ ሳህኖቹም የተለያዩ ናቸው። ቱሪስቱ እዚያም አለ፣ ግን ሊበላ የመጣ ነው። ወንበር አስቀድማችሁ ያዙ።

በሐምሌ ለምትመጡ፦ ስታምፖትን እርሱት። የብርድ ወራት ምግብ ነው። ጎመኑ ውርጭ ሲመታው ይጣፍጣል ይላሉ። በሙቀት ወር ቦረንኮል፣ ማለትም የጎመኑን ስታምፖት፣ የሚሸጥላችሁ፣ በአብዛኛው የቱሪስት ቤት ነው። ከመንገድ ዳር ሱቅ ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ ጥሬውን በሽንኩርት ብሉ። ጥሬ ሥጋ ለለመደ ሰው አይከብድም።

ኪሳችሁ ከሳሳ ደግሞ ሱፐርማርኬት ግቡ። የተከተፈ ጎመን በከረጢት፣ አንድ ኪሎ ድንች፣ አንድ ቋሊማ፤ ለአራት ሰው ከ10 ዩሮ ብዙም አይዘልም። ቋሊማው ላይ "ሩንድ" የሚል ቃል ፈልጉ፣ የከብት ማለት ነው። ካላያችሁት መልሱት።