እማዬን ዲሲ ላስጎበኘልኝ ወንድም፣ እግዜር ይስጥልኝ

ይሄን የምጽፈው ለምስጋና ነው። እግረ መንገዴንም ለጥቆማ። ዲሲና አካባቢው ያላችሁ፣ በተለይ ዘንድሮ እናት ወይም አባት ከአገር ቤት የምታስመጡ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እማዬ ለልጄ ምርቃት መጣች። ሰማንያ ልትደፍን ነው፣ ጉልበቷንም ያማታል። ምርቃቱ አለፈና ቤት መዋል ተጀመረ። እኛ ሥራ፣ ልጆቹ ስልካቸው ላይ፣ እሷ መስኮት ሥር። አንድ ቀን ውጭውን እያየች «አሜሪካ አሜሪካ የሚሉት ይሄን የመኪና ማቆሚያ ነው?» አለችኝ። ሳቄ መጣ፣ ግን አንጀቴን በላችው።

መጀመሪያ የሄድነው ወደ አንድ ትልቅ አስጎብኚ ድርጅት ነው። ስሙን አልጠራም። ትኬቱ የዋዛ አይደለም። ባሱ ውስጥ ጆሮ ላይ የሚሰካ ማዳመጫ ይሰጣል፣ የዓለም ቋንቋ ተደርድሮበታል፣ አማርኛ ግን የለም። እሺ፣ እኔ እነግራታለሁ አልኩ። እኔ ሰምቼ ለእሷ ልነግራት አፌን ስከፍት ባሱ ቀጣዩን ሐውልት አልፎታል። ሾፌሩ ከኋላው እሳት የተነሳበት ይመስላል። እማዬ ደረጃውን እስክትወርድ ሰዓቱን ያያል፣ ይተነፍሳል፣ ደግሞ ያያል። አንዱ ፌርማታ ላይ ሽንት ቤት ገብታ ስትወጣ ባሱ የለም። የሚቀጥለው እስኪመጣ ፀሐይ ላይ ተገትረን ጠበቅን። ደውዬ አቤት ስል የመለሰችልኝ ሴት «የጊዜ ሰሌዳችን ነው» ብላ ዘጋች። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ።

ሁለተኛው ባሰ። ምክንያቱም የራሳችን ሰው ነው። ስልክ ላይ ምላሱ ማር ነው። ቀብድ ላኩ አለ፣ ላክን። በቀጠሮው ቀን እማዬ ገና ሳይነጋ ተነስታ፣ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ስልኩ ጠፍቷል። ይኸው እስካሁን እንደጠፋ ነው። ገንዘቡስ ይቅር። እሷን «ዛሬ ቀርቷል፣ ልብስሽን ቀይሪ» ማለቱ ነው ያቃጠለኝ። «በቃ ተይው ልጄ፣ በቴሌቪዥን አየዋለሁ» አለች። እንዲህ ዓይነት ሰው ሌሊት እንቅልፍ ይወስደዋል? እኔ እንጃ።

ከዚያ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዲት እህት ናት የነገረችኝ። አነስ ያለች ባስ ያለው፣ ራሱ እየነዳ ራሱ በአማርኛ የሚያስጎበኝ የኛ ልጅ አለ አለችኝ። «የኛ ልጅ» የሚለው እንኳ አስደንግጦኝ ነበር። ለማንኛውም ደወልኩ። ገና ዋጋ ሳንነጋገር «እናታችን ስንት ደረጃ መውጣት ይችላሉ? ምሳ የሚበሉበት፣ መድኃኒት የሚወስዱበት ሰዓት አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ቀብድስ ስለው «ከመጣችሁ በኋላ ይደርሳል» አለ። ስልኩን ዘግቼ ለባለቤቴ «ይሄኛው ሰው ነው» አልኩት።

የተነሳነው ከዩኒየን ስቴሽን ነው። ባሱ ውስጥ ያለው አብዛኛው እንደኛው አያት ይዞ የመጣ ቤተሰብ ነው። ልጁ ሞተሩን ሳያስነሳ ወደ ኋላ ዞረና «እማማ፣ ጃንሆይ መስከረም 1956 ዓ.ም. ዋሽንግተን ሲመጡ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ወጥቶ የተቀበላቸው እዚሁ ባቡር ጣቢያ ነው» አላት። እማዬ ቀና አለች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ለእኔ ጆሮም አልሰጠችኝ።

የዋሽንግተን ሐውልት ጋ ስንደርስ ከታች አንድ ሦስተኛው ገደማ ላይ የድንጋዩ ቀለም እንደሚለወጥ አሳየን። 169 ሜትር የሚረዝም ነገር ነው። ስንቴ በሥሩ እንዳለፍኩ እግዜር ይወቀው፣ የቀለሙን ልዩነት ግን ልብ ብዬው አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1848 ተጀምሮ በ1854 ብር አልቆ ቆመ አለን። መሃል ላይ የእርስ በርስ ጦርነት መጣ። ሥራው ሲቀጥል ድንጋዩ ከሌላ ቦታ ተፈለጠ፣ በ1884 ተጠናቀቀ። እማዬ «አሜሪካም ብር ያልቅበታል?» አለች። ባሱ በሙሉ ሳቀ።

ሊንከን ጋም እንዲሁ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሐውልት ብቻ ስድስት ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። «ተቀምጦ እንዲህ ከሆነ ሲነሳ ማን ይችለዋል!» አለች። ማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 28 ቀን 1963 ቆሞ የተናገረበት ደረጃ ላይ ጽሁፍ ተቀርጿል፣ እሱንም አሳየን። ጃንሆይ ዋሽንግተን የገቡት ከዚያ ንግግር በኋላ ከወር ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ነው። ኅዳር ላይ ደግሞ ኬኔዲ ተገደለ፣ ጃንሆይም ለቀብሩ ተመልሰው መጡ። እኔ እነዚህን ነገሮች ለየብቻ ነበር የማውቃቸው። ይሄ ልጅ አንድ ላይ ሰፍቶ አለበሰኝ።

አሁን ግን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይሄን አትርሱብኝ።

ምሳ ላይ እማዬ ስለ አባቷ አውርታለት ኖሯል። ወንድ አያቴ ክቡር ዘበኛ ነበር። ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምቷል። እቤታችን ግን ብዙ የሚነሳ ታሪክ አልነበረም። በደርግ ጊዜ «ኮሪያ ሄጄ ኮሚኒስት ወግቻለሁ» ብሎ ማውራት ጤና አልነበረም። የዘመቻውን ፎቶ ሚስቱ ከግድግዳ አውርዳ ሳጥን ውስጥ ከልብስ ሥር እንደከተተችው እማዬ ታስታውሳለች። ፎቶው ተመልሶ አልተሰቀለም።

የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ስንደርስ ሰው ሁሉ ወደ 19ኙ የብረት ወታደሮች ሄደ። የዝናብ ልብስ ደርበው በቁጥቋጦ መሃል የሚጓዙ ናቸው፣ ፎቶ ላይ ሳታዩዋቸው አልቀራችሁም። ልጁ ግን የእማዬን ክንድ ያዘና በሌላኛው በኩል ወሰዳት። በመንገዱ ዳር ዝቅ ያለ የድንጋይ ጠርዝ አለ። ለጦርነቱ ወታደር ወይም ሐኪም የላኩ 22 አገሮች ስም ተቀርጾበታል። ካልተነገራችሁ አታዩትም፣ ሰዉ በአጠገቡ ዝም ብሎ ያልፋል። አንዱ ጋ ቆመና «እማማ፣ ኢትዮጵያ ትላለች» አላት። «አባትዎ ያሉበት ይሄ ነው።»

እማዬ ጎንበስ ልትል ሞከረች፣ ጉልበቷ እምቢ አለ። ይሄኔ ልጁ ተንበረከከ። በዚያ ንጹሕ ሱሪው። ከቦርሳው ነጭ ወረቀትና እርሳስ አወጣ፣ ወረቀቱን ድንጋዩ ላይ ዘረጋው፣ በእርሳሱ ጎን ቀስ እያለ ይፈገፍገው ጀመር። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ከጥቁሩ መሃል ነጭ ሆነው ወጡ። ሲጨርስ ቆሞ በሁለት እጁ ሰጣት። እዚያው ቅርብ ባለው የቬትናም ግድግዳ፣ ከ58,000 በላይ ስም ባለበት፣ ቤተሰቦች የሟቻቸውን ስም እንዲህ አድርገው ወደ ቤት እንደሚወስዱ ነገረን። «የእርስዎስ አባት ምን አነሳቸው?» አላት።

የባሱ ሰው በሙሉ ከቦናል። አንድም የቸኮለ የለም። እሱም ለሁሉም ተረከልን። በ1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ እንደተነሱ፣ ቃኘው የራስ መኮንን የፈረስ ስም እንደሆነ፣ ከ120 በላይ እዚያው ኮሪያ እንደወደቁ፣ የተማረከ ግን እንዳልነበረ። አፍንጮ በር ያለውን የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያም አነሳ። እማዬ እዚያ ሰፈር ያደገች ናትና በመሃል እየገባች ታርመው ጀመር። ደስ ብሎት ታረመ።

ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ መረቀችው። «እደግ፣ ተመንደግ። እናትህን ያቆይልህ። አባቴን አነሳህልኝ፣ አንተንም የሚያነሳህ አይጣ።» ሰው እየሰማ እንዲህ ስትል አይቻት አላውቅም። ወረቀቱን ልታጥፈው ስትል ቀድሞ ተቀብሎ ጠቀለለውና የካርቶን ቱቦ ውስጥ ከተተላት። ቱቦውን ለእንዲህ ያለ ቀን ብሎ ባሱ ውስጥ ያስቀምጣል። እስቲ አስቡት!

በመጨረሻ አርሊንግተን ሄድን። ግቢው የራሱ መጓጓዣ አለው፣ በእሱ አሳፍሮን የማይጠፋው እሳት የሚነድበትን የኬኔዲን መቃብር አየን። እዚያ ብዙ አልቆየንም፣ እማዬ ደክሟት ነበር። እሱም ሳንነግረው ገብቶት ፕሮግራሙን አሳጠረው።

ወገኖቼ፣ መታሰቢያዎቹን ለማየት መግቢያ አይከፈልም፣ ነጻ ናቸው። የምትከፍሉት ለባሱና ለሰውዬው ነው። በመኪናችን እንዞራለን የምትሉ እንደሆነ ፓርኪንግ ስትፈልጉ ቀኑ ይመሽባችኋል። አግኝታችሁም ቢሆን ማን ሊያስረዳችሁ ነው? የኔ ባለቤት እንደሆነ «ያ ረጅሙ» እና «ያ ነጩ» ከማለት አያልፍም።

ስለዚህ ይሄን ልጅ ያዙት። እንግዳ ካላችሁ ደውሉለት። እንግዳ ባይኖራችሁም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እዚህ የተወለዱት ልጆቼ አያታቸው ኮሪያ ድረስ የዘመተ አባት እንዳላት ያወቁት በዚህ ልጅ ምክንያት ነው። እሱ ማስታወቂያ የለው፣ ቲክቶክ የለው፣ ሰው በሰው ነው የሚሠራው። ስልኩን እዚህ አደባባይ ላይ አልለጥፍም፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና እልክላችኋለሁ። የቼሪ አበባ ሰሞን ከሆነ ቀደም ብላችሁ ያዙ፣ ያኔ ከተማው መላወሻ የለውም። ስትደውሉ የእናታችሁን ጉልበት ነገር አትደብቁት፣ እንደ አቅማቸው ነው የሚያስኬደው። ቲፕም አትርሱ። እሱ አፉን አውጥቶ አይጠይቅም።