የሙድል የኩዊዝ ስታቲስቲክስ፦ የምርጫ ጥያቄን ክብደት በመለካት ምን ያህል ይታመናል?

ፈተናውን በሙድል (በኢንተርኔት ማስተማሪያና መፈተኛ ሶፍትዌር) የሚሰጥ የሕክምና ትምህርት ክፍል ብዙውን ጊዜ ውጤቱን አውርዶ ገጹን ይዘጋል። እዚያው «ሪዘልትስ» ሥር «ስታቲስቲክስ» የሚል ሪፖርት አለ፤ ነፃ ነው፣ ተጨማሪ ፕለጊንም አያስፈልገውም። የተበላሸ ጥያቄ በማጋለጥ ረገድ ጎበዝ ነው። የጥያቄን ክብደት፣ ማለትም ምን ያህል ከባድ እንደሆነ፣ በመመዘን ግን የሚመስለውን ያህል አይደለም።

መጀመሪያ የትኛው ሙከራ እንደሚቆጠር ይመረጥ። ተማሪው ደጋግሞ የሚሠራው መለማመጃ ከሆነ የመጀመሪያውን ሙከራ ብቻ መውሰድ ነው፤ አለበለዚያ ሁሉም ጥያቄ የቀለለ ይመስላል።

ፋሲሊቲ ኢንዴክስ የተፈታኞቹን አማካይ ውጤት በመቶኛ ያሳያል፤ ከፍ ባለ ቁጥር ጥያቄው ቀላል ነው። ከ35 እስከ 65 ያለው ለመካከለኛ ተማሪ የሚመጥን ነው። አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ በግምት ብቻ 25 ስለሚገኝ፣ 28 ያሳየ ጥያቄ «ከባድ ነው» ተብሎ አይታለፍም፤ ክፍሉ ገምቶ ሳይሆን አይቀርም።

የሪፖርቱ ዋና ጥቅም ዲስክሪሚኔሽን ኢንዴክስ ላይ ነው። በጥያቄው የተገኘው ነጥብ በቀረው ፈተና ከተገኘው ጋር ምን ያህል አብሮ እንደሚሄድ ይለካል። 50 እና በላይ በጣም ጥሩ፣ ከ30 እስከ 50 በቂ፣ ከ30 በታች ደካማ ነው። ኔጌቲቭ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመልስ ቁልፉ ነው።

ለምሳሌ ዲኬኤ (ከስኳር በሽታ የሚመጣ አጣዳፊ ችግር) ያለበት ታካሚ ኖርማል ሳላይን ተጀምሮለታል፣ ፖታሲየሙ 2.8 ነው (ዝቅተኛ ስለሆነ ከኢንሱሊን በፊት ፖታሲየም ይሰጣል)፤ ቀጥሎ ምን ይሰጠው? ቁልፉ ላይ በስህተት «ኢንሱሊን» ተሞልቷል እንበል። የላብራቶሪ ውጤቱን አስተውለው ያነበቡት ጎበዞች ፖታሲየም ይመርጣሉ፣ ደካሞቹ በልማድ ኢንሱሊን ይላሉ፣ ኢንዴክሱም ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጥያቄውን ጠቅ ሲያደርጉ የሚመጣው የመልስ ትንተና እያንዳንዱን ምርጫ ስንት ሰው እንደወሰደው ስለሚያሳይ ስህተቱ ወዲያው ይታያል። ቁልፉን አርሞ «ሪግሬድ» ማድረግ፣ ማለትም እንደገና ማሳረም ነው፤ ምርጫ መጨመር ወይም መሰረዝ ግን አይገባም። ከሙድል 4.0 ወዲህ እያንዳንዱ የጥያቄ እርማት አዲስ ቨርዥን ስለሚፈጥር፣ ኩዊዙ የመጨረሻውን ቨርዥን እየተጠቀመ መሆኑን አስቀድሞ ማየት ይበጃል።

እዚያው ዲስትራክተሮቹም (የተሳሳቱት ምርጫዎች) ይፈተሻሉ። ከ5 በመቶ በታች ተማሪ የመረጠው ዲስትራክተር አልሠራም ማለት ነው። ሁለቱ ካልሠሩ ባለ አራት ምርጫው ጥያቄ በተግባር ባለ ሁለት ሆኗል። ክብደቱ ሲወርድ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው እንጂ ተማሪው ጎብዞ አይደለም።

ዝቅተኛ ዲስክሪሚኔሽን ሁሉ ግን ጥፋት አይደለም። ለአናፊላክሲስ (ለከባድ አለርጂ) አድሬናሊን መቅደሙን 97 በመቶው ከመለሰ ኢንዴክሱ ዝቅ ሊል ይችላል። ማንኛውም ኢንተርን ማወቅ ያለበት ጉዳይ ነውና ጥያቄው ይቆይ።

ድክመቱ ወደ ቁጥር ሲመጣ ይጎላል። 30 ተማሪ በተፈተነበት አታችመንት (የሆስፒታል ልምምድ ዙር) ፋሲሊቲው 50 ያሳየ ጥያቄ፣ እውነተኛ ቦታው ከ32 እስከ 68 የትም ሊሆን ይችላል፤ በ120 ተማሪ ክልሉ ከ41 እስከ 59 ይጠብባል። ሪፖርቱ ይህን ክልል በየጥያቄው ጎን አይጽፍም። ጥያቄዎቹ ከጥያቄ ባንክ በራንደም የሚወጡ ከሆነ ደግሞ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ተማሪ ጥቂት ስለሚሆን ቁጥሩ የባሰ ይሳሳል። ያው ጥያቄ ጎበዝ ባች ሲያገኝ ይቀላል፣ ደካማ ሲያገኝ ይከብዳል።

ስለዚህ የማለፊያ ነጥብ ከዚህ አይወጣም። ለዚያ የአንጎፍ ዘዴ ይሻላል፦ መምህራን ከፈተናው በፊት፣ ለጥቂት ከሚያልፉ 100 ተማሪዎች ስንቱ ይህን ይመልሱታል ብለው ለየብቻ ይገምታሉ፣ አማካዩ ይወሰዳል። ሙድል ይህን አይሠራም፤ በኤክሴል ይያዛል። ግምቱ 80 ሆኖ ፋሲሊቲው 35 ከመጣ፣ ወይ ትምህርቱ አልተሰጠም ወይ ጥያቄው ግልጽ አይደለም።

ፈተናው በወረቀት ከሆነ ኤክሴል ብቻውን ይበቃል። በጠቅላላ ውጤት ደርድሮ ከላይና ከታች 27 በመቶ መውሰድ፣ በትክክል ከመለሱት የላይኞቹ ቁጥር የታችኞቹን ቀንሶ ለአንዱ ቡድን ብዛት ማካፈል ነው። ከ100 ተማሪ 27፣ 27 ይወጣል፤ ከላይ 22፣ ከታች 11 ከመለሱ 0.41 ነው። ሲመዘገብ ተማሪው የመረጠው ፊደል ራሱ ይግባ፤ 1 እና 0 ብቻ ከገባ የትኛው ዲስትራክተር እንደሠራ ማወቂያ አይኖርም።