የልቤን ሩጫ ያስቆመው ሕክምና

ሰባት ዓመት ሙሉ ልቤ ድንገት ይፈረጥጥብኝ ነበር። ፍኖተ ሰላም ክፍል ውስጥ ጠመኔ እንደያዝኩ ምቱ በደቂቃ 190 ይደርሳል። አንድ ክሊኒክ «ጭንቀት ነው» ብሎ መለሰኝ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል። ልቤ እየሮጠ ሳለ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) የተነሳሁት ባሕር ዳር ነው። ያኔ ኤስቪቲ መሆኑ ታወቀ፤ የልብ የኤሌክትሪክ ምልክት ተዛብቶ ልብን ድንገት የሚያስሮጥ ሕመም ነው።

አብሌሽን የሚባለውን፣ የሩጫውን መነሻ የሚያጠፋ ሕክምና ዴልሂ ሄጄ አደረግሁ። ደረት አይከፈትም። ብሽሽትን አደንዝዘው ቀጫጭን ቱቦዎችን በደም ሥር ወደ ልብ ያስገባሉ። መጀመሪያ ሩጫውን ራሳቸው ያስነሱታል፣ መነሻውን ለማግኘት። እውነቱን ልናገር፣ ይሄ ያስፈራል። ከዚያ ሩጫውን የምታስነሳዋን ትርፍ የኤሌክትሪክ መንገድ በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት ያጠፏታል። ደረቴን ትንሽ ሞቅ አለኝ፣ በቃ። ለኔ የከበደኝ ከዚያ በኋላ እግሬን ሳላጥፍ ለሰዓታት በጀርባዬ መተኛቱ ነው።

ሐኪሙ ቀድሞ ልብን በወረቀት ሥሎ አስረዳኝ። ለዚህ ብቻ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ። ወጪው ግን ከባድ ነው፤ ዘመድ አዝማድ ባያዋጣልኝ አልሄድም ነበር። የኔ ዓይነቱ ከ100 ሰው ከ90 በላይ ይሳካለታል፣ ስለዚህ የምትችሉ አትዘግዩ።

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ጤፍ ተሸክሜ ዳገቱን ወጣሁ። አለከለክሁ እንጂ ልቤ አልፈረጠጠም።