ስሟን ለማልጽፋት ፋርማሲስት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ አነስተኛ መድኃኒት ቤት የምትሠራ እህታችንን አመሰግናለሁ። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ አልጽፍም።

ኤዲኤችዲ የሚባለው የትኩረት ችግር እንዳለብኝ ያወቅሁት በ41 ዓመቴ ነው። ሐኪሙ ምልክቶቹ ከ12 ዓመት በፊት ታይተው እንደሆነ ሲጠይቀኝ መልስ አጣሁ፤ ደሴ ወዳለችው እናቴ ደወልሁ። «ውሃ ቅዳ ተብለህ ሄደህ ጀሪካኑን ቦኖው ሥር ረስተህ የምትመጣ ልጅ ነበርህ» አለችኝ። ያኔ ስሙ ቀልበ ቢስነት ነበር፤ መድኃኒቱም አለንጋ።

አደራል የሚባል፣ ሱስ ሊያስይዝ የሚችል አነቃቂ መድኃኒት ታዘዘልኝ። ይህ መድኃኒት በአሜሪካ ጥብቅ ቁጥጥር ስለሚደረግበት በአንድ ማዘዣ ደጋግሞ መውሰድ አይቻልም፤ በየጊዜው አዲስ ማዘዣ ይጻፋል። በዚያ ላይ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ በይፋ የታወጀ እጥረት ነበር። ከአንዱ መድኃኒት ቤት ወደ ሌላው ስዞር «የለም» መባሉን እችለው ነበር። ያደማኝ እንደ ሱሰኛ መታየቱ ነው።

ይህች ፋርማሲስት ግን ገና ሳልናገር የልቤን ያወቀች ይመስል «ወንድሜ፣ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ቁጭ በል» አለችኝ። እሷም ዘንድ መድኃኒቱ አልነበረም። ስልክ አንሥታ ያለበትን ፈለገች፤ ገና ያልተሞላውን የኤሌክትሮኒክ ማዘዣ ወደዚያ አስተላለፈችልኝ። የፌዴራሉ ሕግ ከኦገስት 2023 ወዲህ ይህን አንድ ጊዜ እንደሚፈቅድ የሰማሁት ከእሷ ነው። ይህ ሁሉ ልፋት ለመድኃኒት ቤቷ አንድ ሳንቲም አላስገኘም።

በሚቀጥለው ወር ስመለስ የደም ግፊቴን ለካችና «ቡና ስንት ስኒ ትጠጣለህ?» አለችኝ። ከአቦል እስከ በረካ አልኋት። መድኃኒቱ የልብ ምት እንደሚጨምር፣ ቡናው ሲደረብበት ደግሞ እንደሚብስ በአማርኛ አስረዳችኝ። እንግሊዝኛ እችላለሁ፤ ስለ ገዛ ልቤ በእናቴ ቋንቋ ሲነገረኝ ግን በሌላ ጆሮ ነው የሰማሁት። አሁን በአቦል እነሣለሁ።

ለፈተና የሚያጠና ዘመዴ ሁለት ፍሬ እንድሰጠው ለምኖኝ እንደነበር ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። ለሌላ ሰው መስጠት ወንጀል መሆኑን፣ ልቡ ጤነኛ ያልሆነ ሰው ላይም አደጋ ሊያደርስ እንደሚችል ሳትለሳልስ ነገረችኝ። ለዚህም አመሰግናታለሁ።

አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። መድኃኒታችሁ ሳያልቅ ቀደም ብላችሁ ሂዱ፤ መታወቂያችሁንና የምትወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ዝርዝር ያዙ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።