ዘጠኝ ወር ከኪንግስተን ዲሲ600ኤም ጋር

ጅማ አጂፕ አካባቢ ያለ የአንድ ቡና አቅራቢ ዳታቤዝ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ፖስትግሬስ የሚባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ነው። ዲሲ600ኤም ለሰርቨር የተሠራ ኤስኤስዲ ነው፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዲስክ፤ ባለ 960 ጊጋባይቱን መስከረም ላይ ገዛሁት፣ ቡናው ሳይገባ። አሁን ሰኔ ነው፤ ዝናቡም መብራቱም እንደምታውቁት ነው።

መጀመሪያ የነበረን በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው። እሱ አንዴ ለመዞር 8 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ብቻውን ሲሆን አይታወቅም፤ ግን ቢሮ ውስጥ ሪፖርት እየወጣ ሚዛን ላይ ያለችው ልጅ ጆንያ ስትመዘግብ፣ የዲስኩ ራስ ወዲያ ወዲህ ሲል ሁለቱም ይቆማሉ፣ ገበሬውም ቆሞ ይጠብቃል።

ከዚያ ርካሽ ኤስኤስዲ ገዛሁ። ስሙን አልጠራም። በረረ! አንድ ከሰዓት ግን መብራት እልም አለ፤ መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው የዩፒኤሱ ባትሪ ሞቶ ኖሯል (ጥፋቱ የኔ ነው)፤ መብራት ሲመጣ ዳታቤዙ አልነሳም አለ። የማታውን ባክአፕ መልሼ፣ የግማሽ ቀኑን ሚዛን ከደረሰኝ ላይ እየቆጠርን እስከ ማታ አራት ሰዓት አስገባን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳታቤዙ «ተመዝግቧል» ከማለቱ በፊት ዲስኩን «ጻፍክ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። አንዳንዱ ርካሽ ዲስክ ገና በራሱ ሜሞሪ ላይ እያለ «አዎ» ይላል። መብራት ሲሄድ ያ «አዎ» አብሮ ይሄዳል። ዲሲ600ኤም ውስጥ ካፓሲተሮች (ጥቂት ኃይል የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) አሉ፤ መብራት ሲቋረጥ በእጁ ያለውን ጽፎ እስኪጨርስ ኃይል ይሰጡታል። ከመስከረም ወዲህ ስንቴ እንደጠፋ መቁጠር ትቻለሁ፤ ዳታቤዙ አንድም ቀን ሳይነሳ አልቀረም። «ኤፍሲንክን (ያንን «ጻፍክ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ) አጥፋው፣ ይፈጥናል» ያለኝ ጓደኛ ነበር። ጅማ ላይ? ተወኝ።

ፍጥነቱ ላይ ግን ሁሉን ለዲስኩ ብሰጠው ውሸት ይሆናል። በሃርድ ዲስኩ ዘመን አራት ደቂቃ የሚፈጀው የዕለቱ ሪፖርት 40 ሰከንድ ሆነ፤ እኔም ረካሁ። ኅዳር ላይ ነው የፖስትግሬስ ማስተካከያው አሁንም ለሃርድ ዲስክ የተሠራው እንደነበር ያየሁት። ራንደም ፔጅ ኮስት የሚባለውን፣ ከዲስኩ እዚህም እዚያም ማንበብ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ለፖስትግሬስ የሚነግረውን ቁጥር፣ ከ4 ወደ 1.1 አወረድኩት፤ ፖስትግሬስም ኢንዴክሱን (እንደ መጽሐፍ ማውጫ ያለውን) መጠቀም ጀመረ። ሼርድ በፈርስ፣ ማለትም ፖስትግሬስ ለራሱ የሚይዘው ራም፣ 128 ሜጋባይት ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ከ16 ጊጋባይት ራም 4ቱን ሰጠሁት። ሪፖርቱ ሦስት ሰከንድ ገባ። ያለ ምንም ወጪ።

የማይመቹ ነገሮች አሉ። ስገዛው ዋጋው ከተራው ኤስኤስዲ ከእጥፍ በላይ ነበር። የኛ ሰርቨር አሮጌ ስለሆነ፣ ዲስኩ የሚገናኝበት የሳታ መስመር በሰከንድ 3 ጊጋቢት ብቻ ነው፤ በሰከንድ 560 ሜጋባይት የተባለው ንባብ ግማሹ እንኳ አልደረሰም። ለዳታቤዝ ብዙ አይጎዳም፣ ሥራው ቁርጥራጭ ንባብ ነውና። ዲስኩ ትንሽ፣ ማስቀመጫው ሰፊ ስለሆነም ብረት ሥራ ቤት ሄጄ ማያያዣ አሠርቻለሁ።

ዕድሜውን በየወሩ አያለሁ። 1752 ቴራባይት እስኪጻፍበት ተብሏል፤ እስካሁን የተጻፈው 11 ነው። በዚህ አካሄድ እኔ ቀድሜ አረጃለሁ።

የሚያሳስበኝ አንድ ብቻውን መሆኑ ነው። ካፓሲተር ከመብራት እንጂ ከዲስክ ሞት አያድንም። ሁለተኛ ገዝቼ ሬይድ 1 (ሁለቱ ዲስኮች ያንኑ ነገር እኩል የሚይዙበት) ላድርገው ብዬ ነበር፣ አሠሪዬ ጋሼ «አዲሱ ቡና ይግባና» አሉ። እስከዚያው ያ ቀርፋፋ ሃርድ ዲስክ ሌሊት ሌሊት ባክአፕ ይቀበላል።