የኤችኤስቢሲ ዓመታዊ ሪፖርት ሲገመገም፦ ብድሩ ሲቀንስ ሀብቱ ለምን አልቀነሰም?

የእንግሊዙ ባንክ የኤችኤስቢሲ ዓመታዊ ሪፖርት ዋጋው ነፃ ነው። ከባንኩ ድረ ገጽ፣ ለባለአክሲዮኖች ከተዘጋጀው ክፍል ሁለት ፋይል ይወርዳል፤ አንዱ 400 ገጽ ገደማ የሆነ ፒዲኤፍ፣ ሌላው የየሩብ ዓመቱ አሃዝ የተደረደረበት ኤክሴል። ብዙ ሰው ፒዲኤፉን ከፍቶ፣ የሊቀ መንበሩን መልእክትና ፎቶግራፎቹን ዘሎ «ጠቅላላ ሀብት» የሚለው መስመር ላይ ይደርስና ይዘጋዋል። ሦስት ትሪሊዮን ዶላር ገደማ፣ በቃ። የሪፖርቱ ጥቅም ግን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። (ዓመታቱ እ.ኤ.አ.፣ አሃዞቹም የተጠጋጉ ቢሊዮን ዶላሮች ናቸው።)

በ2019 መጨረሻ የባንኩ ሀብት 2,715 ነበር። በዓመቱ 2,984 ሆነ። ይህን ያየ ሰው «ባንኩ ብድር አጧጧፈ» ቢል አይፈረድበትም፤ ለደንበኞች የተሰጠው ብድር ግን ከ1,037 ወደ 1,038 ብቻ ነው የሄደው። መልሱ ያለው በዕዳው በኩል ነው፤ ለባንክ ብድር ሀብቱ ሲሆን፣ ደንበኛ ያስቀመጠው ገንዘብ ዕዳው ነው። ይህ ተቀማጭ ገንዘብ ከ1,439 ወደ 1,643 ዘለለ። በኮሮናው ዓመት ግለሰቡም ድርጅቱም ገንዘቡን ባንክ አስገባ፣ በዚያው ልክ የሚበደር ግን አልተገኘም። ባንኩም ማዕከላዊ ባንኮች ዘንድ አስቀመጠው፤ ይህ መስመር ከ154 ወደ 304 አደገ። ስለዚህ የሀብት እድገት ከማለት በፊት ከተቀማጭ መጣ ወይስ ከብድር ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

2022 ደግሞ ለአንባቢ ትልቁ ፈተና ነው። ብድሩ ከ1,046 ወደ 925 ወረደ፤ 121 ቢሊዮን ጠፋ። ጠቅላላ ሀብቱ ግን ከ2,958 ወደ 2,967 ከፍ አለ። ምን ተፈጠረ?

በመጀመሪያ፣ ባንኩ የካናዳውን ባንኩንና የፈረንሳዩን የችርቻሮ ባንክ ሥራ ሊሸጥ ተስማምቶ ነበር። በዓለም አቀፉ የሂሳብ ደረጃ ሊሸጥ የተወሰነ ንብረት ከየመስመሩ ተነሥቶ «ለሽያጭ የተያዘ» በሚል በአንድ መስመር ይጠራቀማል። በዚህ ምክንያት 80 ቢሊዮን ገደማ ብድር ከብድር መስመሩ ወጣ። ተበዳሪው ያው ነበር፣ ወለዱም ለኤችኤስቢሲ መግባቱን ቀጥሎ ነበር፤ ያለበት መስመር ብቻ ተቀየረ። ለሽያጭ የተያዘው ከ3 ወደ 116 የደረሰውም በዚህ ነው። የፈረንሳዩ ሽያጭ በጥር 2024፣ የካናዳው በመጋቢት 2024 መጨረሻ ሲጠናቀቅ ነው ንብረቱ በእርግጥ ከመዝገብ የወጣው።

ሁለተኛው ምንዛሪ ነው። ባንኩ መዝገቡን በዶላር ይይዛል፣ ብዙ የሚያበድረው ግን በፓውንድና በሆንግ ኮንግ ዶላር ነው። የሆንግ ኮንጉ ከአሜሪካ ዶላር ጋር የተሳሰረ ስለሆነ አያስቸግርም። ፓውንድ ግን በዓመቱ ከ1.35 ዶላር ወደ 1.21 ወረደ። 200 ቢሊዮን ፓውንድ ብድር ቢኖር፣ አንድ ደንበኛ እንኳ ሳይከፍል 270 ቢሊዮን ዶላር የነበረው 242 ይሆናል።

ሦስተኛው ከብድር ጋር አይገናኝም። ወለድ በፍጥነት ሲጨምር ዴሪቫቲቭ የሚባሉት፣ ዋጋቸው በወለድ ወይም በምንዛሪ መለዋወጥ ላይ የተመሠረተ ውሎች በሀብት በኩል ከ197 ወደ 284 አበጡ፤ በዕዳ በኩልም በተቀራራቢ መጠን ጨመሩ። ይህ ያበደሩት ገንዘብ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ያሉ ባንኮች በአገራቸው የሂሳብ ደንብ ሁለቱን ወገን አቻችለው የተጣራውን ብቻ ስለሚያሳዩ፣ የአሜሪካውን ባንክ የጄፒሞርጋንን ጠቅላላ ሀብት ከኤችኤስቢሲ ጎን አስቀምጦ «ማን ይበልጣል» ማለት ሚዛኑ የተለያየ ነገር ማወዳደር ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚረዳው ኤክሴሉ ነው፤ ከሁለቱ ፋይሎች የተሻለውም እሱ ነው። የዶላሩን አሃዝ፣ በቋሚ ምንዛሪ (ሁለቱም ጊዜ በአንድ የምንዛሪ ተመን) የተሰላውንም ይዟል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ መጀመሪያ የብድሩን ለውጥ በቋሚ ምንዛሪ ያዩታል፤ ወደ ሽያጭ መስመር የተዛወረውን ይመልሱበታል፤ ከዚያ የተገዛውን ይቀንሱለታል። ለምሳሌ በመጋቢት 2023 የሲሊከን ቫሊ ባንክ የእንግሊዝ ቅርንጫፍ በ1 ፓውንድ ሲገዛ 5.5 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ብድር ይዞ ነው የመጣው፤ ይህ ግዢ እንጂ አዲስ ብድር አይደለም። የቀረው ነው የብድሩ እውነተኛ እድገት። ብድሩ ላይ የሚታየው አሃዝ ላይመለስ ለሚችል ብድር የተያዘው መጠባበቂያ ተቀንሶለት እንደሆነም አይዘንጋ፤ ያልተቀነሰውና በሦስት ደረጃ የተከፋፈለው ዝርዝር በብድር ስጋት ምዕራፍ ውስጥ አለ። ሦስተኛው ደረጃ የተበላሸው ነው፤ ሁለተኛው ደረጃ፣ ማለትም ስጋቱ የጨመረው ግን ገና ያልተበላሸው ብድር፣ ሲያብጥ ግን ችግሩ መንገድ ላይ ነው ማለት ነው።

ጉድለቱስ? ዋናው ያለፉት ዓመታት አሃዝ መከለሱ ነው። የ2022 ጠቅላላ ሀብት መጀመሪያ የወጣው 2,967 ተብሎ ሲሆን፣ የኢንሹራንስ ሂሳብ ደንብ ሲቀየር በቀጣዩ ሪፖርት 2,949 ሆነ። ከየዓመቱ ፒዲኤፍ አንዳንድ አሃዝ እየለቀሙ ሰንጠረዥ የሚሠሩ ሰዎች ሁለት ደንብ ይቀላቅላሉ፤ ሁልጊዜ ከአዲሱ ሪፖርት ላይ የአምናውን አምድ መውሰድ ይሻላል። የሽያጭና የምንዛሪ ማብራሪያው ደግሞ በተለያዩ ምዕራፎች ተበትኗል። በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ሊያልቅ የሚችል ነገር ነበር፣ ያሳዝናል።

ይህ ንባብ ለእኛም ይጠቅማል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ የውጭ ምንዛሪ የያዘ የአገር ቤት ባንክ ሀብቱ በብር ሲቆጠር ምንም ሳያበድር ያድጋል፤ 100 ሚሊዮን ዶላር በ57 ብር 5.7 ቢሊዮን፣ በ114 ብር 11.4 ቢሊዮን ነው። የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ስለጸደቀም የእነሱን መዝገብ ማንበብ የሚያስፈልገው ባለሙያ ይበዛል። ጊዜ የሌለው ፒዲኤፉን ትቶ ኤክሴሉን ያውርድ፤ ፒዲኤፉን የሚከፍት ደግሞ ከፊት ገጾቹ ሳይሆን ከሂሳብ ማስታወሻዎቹ ይጀምር።